«በክሮም ክፈተው» ለምን እንደሚባል

ድሬዳዋ ውስጥ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ወጣቶችና ለኢንተርኔት ቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ፀሐይዋ በረድ እስክትል ጠብቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ጉባኤው ቀትር ላይ ቢጠራ ኖሮ እኔም አልመጣም ነበር።

ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ቅጽ ለማስሞላት ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው ገጹ አልታዘዝ ሲለው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «በክሮም ክፈተው»። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው መሥራቱ ነው። ስለሚሠራ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ባለጉዳዩም ችግሩ የራሱ ብራውዘር፣ ማለትም ገጽ የሚከፍትበት ፕሮግራም፣ መሆኑን አምኖ ይወጣል። ዛሬ የምከራከረው በዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብራውዘሩ ሳይሆን ገጹን የሠራው ሰው ነው። ይህን የምናገረው ገጽ በሚሠሩ ሰዎች ፊት መሆኑን አልዘነጋሁም።

መጀመሪያ ብራውዘር ምን እንደሚሠራ እንስማማ። ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ የሚልክላችሁ ተሠርቶ ያለቀ ገጽ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። ኤችቲኤምኤል የገጹን አካላት ይዘረዝራል፣ ሲኤስኤስ መልካቸውን ይወስናል፣ ጃቫስክሪፕት ሲነኩ ምን እንደሚያደርጉ ያዛል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ስክሪኑ ላይ የሚስለው የብራውዘሩ ሞተር ነው። የብራውዘር ስም እንደ አሸን ቢፈላም ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ሞተሮች ሦስት ናቸው፤ የጉግል ብሊንክ፣ የሞዚላ ጌኮ እና የአፕል ዌብኪት። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔት ውስጣቸው ብሊንክ ነው። ፋየርፎክስ በጌኮ፣ ሳፋሪ በዌብኪት ይሠራሉ። ብሊንክና ዌብኪትም ቢሆኑ ዘራቸው አንድ ነው። ኬዲኢ የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ከሠራው ኬኤችቲኤምኤል አፕል ዌብኪትን አወጣ፤ ጉግል ደግሞ በ2013 ከዌብኪት ተነጥሎ ብሊንክን አቆመ።

ይህን ሁሉ ስም የጠራሁት በምክንያት ነው። አንድ ገጽ በክሮም እየሠራ በቪቫልዲ እንቢ ካለ፣ ሁለቱም አዲስ እትም ከሆኑ ሞተሩን መውቀስ አይቻልም፤ ሞተሩ አንድ ነውና። ያኔ የሚጠረጠረው ሌላ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። በአይፎን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አፕል አይፎን ላይ የሚጫን ብራውዘር ሁሉ ዌብኪትን እንዲጠቀም ለዓመታት ሲያስገድድ ኖሯል፤ በ2024 ግዴታውን መጀመሪያ ያላላው ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ አይፎን ላይ ክሮምን የከፈተ ሰው ያገኘው ስሙ ክሮም፣ ሞተሩ ዌብኪት የሆነ ብራውዘር ነው። በሳፋሪ ያልሠራውን ገጽ «በክሮም ክፈተው» ማለት ለእሱ እምብዛም አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ተጠርጣሪው። ሞተሩ አንድ ሆኖ ሳለ ገጹ የሚከለክለው ብዙውን ጊዜ በር ላይ ስም ስለሚጠይቅ ነው። ብራውዘር ገጽ በጠየቀ ቁጥር ማንነቱን የሚናገር ሐረግ አብሮ ይልካል። የክሮም ሐረግ በእኛ ፊደል ቢጻፍ እንዲህ ይመስላል፤ «ሞዚላ 5.0፣ ዊንዶውስ፣ አፕል ዌብኪት 537.36፣ ኬኤችቲኤምኤል እንደ ጌኮ፣ ክሮም፣ ሳፋሪ 537.36»። ልብ በሉ። ክሮም ነኝ ከማለቱ በፊት ሞዚላ ነኝ፣ አፕል ነኝ፣ ጌኮን እመስላለሁ ይላል፤ አልበቃ ብሎት ሳፋሪ ነኝ ብሎ ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ ውሸት የተከማቸው ቀስ በቀስ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሞዚላ የኔትስኬፕ ብራውዘር የቤት ስም ነበር። ኔትስኬፕ ገጽን ከፋፍሎ የሚያሳየውን ፍሬም ሲያመጣ ገጽ ሠሪዎች ስሙን እያዩ ማስተናገድ ጀመሩ፤ ሞዚላ ለሚል ፍሬም ያለውን ገጽ፣ ለሌላው ተራውን። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፍሬም ማሳየት ከቻለ በኋላም ተራው ገጽ እየደረሰው ተቸገረ፤ ስለዚህ ሞዚላ ነኝ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ከእሱ በፊት የነበሩትን ስሞች እየደረደረ ነው የገባው።

ነገሩ ስም ላይ ብቻ አላቆመም። ኦፔራ 10ኛ እትሙን ሲያዘጋጅ ብዙ ገጾች ከእትሙ ቁጥር የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ እንደሚያነቡ ታወቀ። ለእነሱ 10 ማለት 1 ሆነ፤ ከሁሉ አዲስ የሆነውን ብራውዘር «አርጅተሃል፣ ታደስ» ይሉት ጀመር። ኦፔራ ሲቸግረው 9.80 ነኝ እያለ እውነተኛውን ቁጥር ከሐረጉ መጨረሻ ሸጎጠው። በ2022 ክሮምና ፋየርፎክስ 100ኛ እትማቸው ላይ ሲደርሱ ያው ስጋት ተመለሰ፤ ሁለት አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች እንዳይሰበሩ ሁለቱም አስቀድመው ሲፈትሹ ከረሙ።

ከዚህ የባሰም ነበር። በ2003 ኤምኤስኤን የተባለው የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ለኦፔራ 7 ብቻ የተለየ ሲኤስኤስ ይልክ ነበር፤ በውስጡ የነበረች አንዲት ትእዛዝ ጽሑፉን 30 ፒክስል ወደ ጎን ትገፋና ብራውዘሩን የተበላሸ ታስመስለዋለች። ኦፔራ የሰጠው መልስ እስካሁን ያስቀኛል። «ቦርክ» የሚባል ልዩ እትም አወጣ፤ ይህ እትም ሌላውን ገጽ ሁሉ በትክክል እያሳየ የኤምኤስኤንን ገጽ ብቻ «ቦርክ፣ ቦርክ» ወደሚል፣ ወደ አንድ የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ወጥ ሠሪ ትርጉም የለሽ ንግግር ይለውጠዋል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ብራውዘር ሆን ብሎ አንድን ገጽ ቢያበላሽ ምን ትላላችሁ?

የቪቫልዲን ጉዳይ ግን አልስቅበትም። በ2019 መጨረሻ ቪቫልዲ ስሙን ከሐረጉ አውጥቶ ክሮም ነኝ ማለት ጀመረ። ሞተሩ ያው ነው፣ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው፤ ይከለክሉት የነበሩ ገጾች ተከፈቱለት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ጉዳቱ ደግሞ እዚያ ላይ አያበቃም። ቪቫልዲ ስሙን ሲደብቅ ከጎብኚዎች ቆጠራም ይጠፋል። ገጽ ሠሪው ቆጠራውን ያይና «በቪቫልዲ የሚመጣ ሰው የለኝም፣ ለምን እለፋለሁ?» ይላል። የሌሉ የሚመስሉት እሱ ራሱ ስላባረራቸው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቆጠራ ዘርግቶ «ዘጠና ከመቶው ክሮም ነው» ሲላችሁ፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በሌላ ሰው ስም የገባ እንደሆነ ጠይቁት።

ስም ሳይጠየቅም ገጽ ይሰበራል። ከተማችን በባቡር የተቆረቆረች ናትና ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። የጥንቱ የጅቡቲ መስመር በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ አይሄድም፤ አለመሄዱም ገና ከጣቢያው ሳይነሣ ይታያል። ድረ ገጽ እንዲህ ግልጽ ቢሆን ምንኛ በታደልን። እሱ ግን ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቆማል።

ምክንያቱ ከሦስቱ ቋንቋዎች ጠባይ ይመጣል። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ታጋሾች ናቸው። ብራውዘሩ የማያውቀው የሲኤስኤስ ትእዛዝ ሲያጋጥመው ዘልሎት ቀጣዩን ያነባል፤ ቢበዛ የሣጥኑ ጥግ ሳይከረከም ይቀራል። ጃቫስክሪፕት ግን ምሕረት የለውም። የማያውቀው የአጻጻፍ ስልት አንድ ቦታ ካገኘ ያንን መስመር ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ ፋይሉን በሙሉ ነው።

አንድ የምዝገባ ቅጽ እንመልከት፤ የማን እንደሆነ ይቅር። የቆየ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲከፈት ምንም እንከን አይታይበትም። አርማው አለ፣ የስምና የስልክ ሣጥኖቹ አሉ፣ ከሥር አረንጓዴ «ላክ» የሚል ቁልፍ አለ። ባለጉዳይዋ ሁሉንም ሞልታ ቁልፉን ትጫናለች። ምንም የለም። ደግማ ትጫናለች፤ አሁንም ምንም። ኔትወርክ ነው ብላ ከቤት ውጭ ወጥታ ትሞክራለች። ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የስሕተቱ መዝገብ ሲታይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ያልተጠበቀ ነጥብ» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የጥያቄ ምልክትና ነጥብን አጣምሮ «ይህ ነገር ካለ ቀጥል፣ ከሌለም አትውደቅ» የሚል አጻጻፍ ወደ ክሮም የገባው በ2020 መጀመሪያ በ80ኛው እትም ነው። የሴትየዋ ብራውዘር ከዚያ ይቀድማል። ስልኩ በፎቶ ስለሞላ ለማደሻ ቦታ የለውም፣ ዳታውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከጥያቄ ምልክቱ ቀጥሎ ያለችው ነጥብ በብዙ መቶ መስመር የተጻፈውን ኮድ በሙሉ አስጣለች። «ላክ» የሚለው ቁልፍ ሥዕል ብቻ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ ልበል። አንደኛ፣ ይህ ስልክ ላይ ያለውም ብራውዘር ክሮም ነበር፤ ብራውዘር ለገጽ ሠሪው እንግዳ የሚሆነው በስሙ ብቻ ሳይሆን በዕድሜውም ነው። ሁለተኛ፣ ያ ቅጽ ጃቫስክሪፕት ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር። የኤችቲኤምኤል ቅጽ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሞላውን መረጃ በራሱ ወደ ሰርቨር መላክ ይችላል። ጃቫስክሪፕቱ ለማሳመር ቢጨመር፣ ሲወድቅም ቅጹ ይላክ ነበር። ይህን ያወቀ ገጽ ሠሪ ግማሹን ችግር ገና ሳይፈጠር ዘግቶታል።

ሌላው መሰሪ ነገር የቀን አጻጻፍ ነው። ለምሳሌ ማርች 7 ቀን ሁለት ሺህ ሃያ አራትን ገጽ ሠሪው በጃቫስክሪፕት «2024-3-7» ብሎ ይሰጠዋል እንበል። ክሮም ሳያንገራግር ይቀበለዋል። ሳፋሪ ግን ለረጅም ጊዜ «ይህ ቀን አይደለም» እያለ ሲመልስ ኖሯል። የጃቫስክሪፕት ደንብ የሚያስገድደው «2024-03-07» ተብሎ ከነዜሮው ሲጻፍ እንዲነበብ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን እያንዳንዱ ብራውዘር እንደ ፈቀደ እንዲያደርግ ትቶታል። ክሮም ቸር ሆነ፣ ሳፋሪ ጥብቅ ሆነ፤ ሁለቱም ደንቡን አልጣሱም። በክሮም ብቻ የሚፈትሽ ሰው ግን የክሮምን ቸርነት ሕግ አድርጎ ይማራል። ነገ ገጹ በሳፋሪ ሲሰበር «ሳፋሪ ችግር አለበት» ይላል። ክርክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ብራውዘር ልማድ ሳይታወቅ ደንብ ይሆናል፣ ደንቡን ያከበረውም እንደ አጥፊ ይታያል።

ይህ ከዚህ በፊት ታይቷል። በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በነገሠበት ዘመን የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ከ90 ከመቶ በላይ ተጠቃሚ ነበረው፤ ገጾችም ለእሱ ብቻ ተጻፉ። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ከሁሉ ብሳለች። የባንክና የመንግሥት አገልግሎቶቿን አክቲቭኤክስ በሚባል፣ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ በሚሠራ ቴክኖሎጂ ላይ ተክላ፣ በኢንተርኔት ፍጥነት ዓለምን የምትመራ አገር ሆና ሳለ ሕዝቧ ገንዘብ ለማስተላለፍ ለዓመታት አንድ ብራውዘር ላይ ታስሮ ኖረ። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በሰኔ 2022 ጡረታ አውጥቶታል። እኛ የመንግሥት አገልግሎትን ወደ ኢንተርኔት የምናዛውረው ገና አሁን ነው፤ የሌላውን አገር ዕዳ ከፍለን መማር አይጠበቅብንም።

አንዳንዴ በእርግጥ ብራውዘሩ ራሱ ነው እንቢ የሚለው፤ ያውም ሆን ብሎ። ብሬቭ ሰው ከገጽ ገጽ ሲሄድ የሚከታተሉትን ኮዶች ያግዳል። ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን፣ ማለትም ከተከፈተው ገጽ ሌላ የሆነ ድረ ገጽ ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጣቸውን ማስታወሻዎች፣ በሙሉ ከልክሏል። የክፍያ ወይም የመግቢያ ሣጥኑን ከሌላ ድርጅት ገጽ ቆርጦ የሚያስገባ ድረ ገጽ እነዚህ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። እዚህ ላይ ብራውዘሩ ተጠቃሚውን እየጠበቀ ስለሆነ አልወቅሰውም።

ስለ ኦፔራ ሚኒ ሳልናገር ብወርድ ከዚህ አዳራሽ የሚያስወጣኝ አይኖርም። ዳታ ስለሚቆጥብ በእኛ አገር ስንቱ ስልክ ላይ እንደኖረ ታውቃላችሁ። ቁጠባውን የሚያመጣው ገጹን ስልኩ ላይ ባለመሥራቱ ነው። በከፍተኛው የቁጠባ ሁኔታ ገጹን የሚከፍተው የኦፔራ ሰርቨር ነው፤ ጃቫስክሪፕቱን እዚያው ለጥቂት ሰከንድ ያስኬድና ውጤቱን ጨምቆ ወደ ስልኩ ይልካል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ያለው የደረቀ ገጽ ነው። ስትጽፉ አብሮ የሚፈልግ ሣጥን አይሠራም፤ ሲነካ የሚዘረዘር ማውጫ ወደ ሰርቨር ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ወይም አይመጣም።

ሆኖም የዚያው ብራውዘር ውለታ አለብን። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር ወደሚሰጠው ደንብ፣ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ እትሙ ጋር ነው። ትንንሾቹ ስልኮች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ፊደሉ አልነበራቸውም። እዚህ ድሬ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚያነበው ጎረቤታችሁ ፊደሉ ላቲን ስለሆነ ችግሩን አያውቀውም፤ አማርኛ አንባቢው ግን የሚያየው የሣጥን ሰልፍ ነበር። ኦፔራ ሚኒ ውስጥ የተደበቀ ማስተካከያ ገጽ ነበር፤ እዚያ ገብቶ አስቸጋሪ ፊደላት በሥዕል መልክ እንዲመጡ የሚያዘውን ምርጫ የከፈተ ሰው አማርኛን አነበበ። ሰርቨሩ ፊደሉን ስሎ ይልክለት ነበር። የዳታ ቁጠባው ግን ያኔ ቀነሰ፤ ሥዕል ከጽሑፍ ይከብዳልና።

ትንንሾቹ ብራውዘሮች ለዚህ ሁሉ የሚከፍሉትን ዋጋ ማየት የሚፈልግ ፋየርፎክስ ላይ የአድራሻው መስመር ውስጥ «አባውት» ብሎ ሁለት ነጥብና «ኮምፓት» በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ። የሚመጣው ዝርዝር በፋየርፎክስ ላይ የሚሰበሩ ድረ ገጾችና የፋየርፎክስ መሐንዲሶች በየስማቸው የሠሩላቸው ማስታገሻ ነው። ዌብኪትም እንዲህ ያለ የራሱ መዝገብ አለው። ገጽ ሠሪው ያልሠራውን ሥራ ብራውዘር ሠሪው እየሠራለት ነው። ይህን ወጪ ሁሉም አይችለውም። ኦፔራ በ2013 ፕሬስቶ የተባለ የገዛ ሞተሩን ትቶ ወደ ጉግል ሠፈር ገባ፤ ማይክሮሶፍት እንኳ በ2020 ኤጅን በክሮም መሠረት ላይ አቁሞ አዲስ አወጣው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብራውዘሩን «ማን ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ይህን ትችላለህ?» በሉት። ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድ ችሎታ መኖሩን ከመጠቀም በፊት መፈተሽ አንድ መስመር ነው፤ ሲኤስኤስም ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው። አዲሱን አጻጻፍ ለሚወድ ደግሞ ኮዱን ወደ ቆየው ስልት የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ፤ በብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ልዩነቱን ለማጥበብ ተስማምተዋል፤ ከ2022 ጀምሮ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ኢንተርኦፕ በሚባለው ሥራ በየዓመቱ የተመረጡ ችሎታዎችን በጋራ ፈተና እየለኩ ያስተካክላሉ።

ከጥያቄዎቹ ሦስቱን ልጻፍ።

ኢንተርኔት ቤት ያላቸው አንዲት እናት «ኮምፒውተሮቼ ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ ክሮሙም አልታደስ አለ። ምን ላድርግ ልጄ?» አሉኝ። እናቴ፣ ክሮም ለዊንዶውስ 7 ያወጣው የመጨረሻው እትም 109ኛው ነው፤ በ2023 መጀመሪያ። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ጥገና አያገኝም። ፋየርፎክስ ግን 115ኛውን የረጅም ጊዜ እትም ለእነዚህ ማሽኖች ከዚያ በኋላም ሲጠግን ቆይቷል፤ ጥገናው እስካላበቃ ድረስ፣ ማሽኑን መቀየር እስኪችሉ እሱን ይጫኑ። አቅም ሲገኝ ግን የሰው የባንክ ጉዳይ የሚሠራበትን ኮምፒውተር ያስቀድሙ።

አንድ ተማሪ «ደንበኛዬ የሚከፍለኝ ለክሮም ነው፤ ለጥቂት ሰው ስል ለምን ሁለት ጊዜ ልሥራ?» አለ። ሁለት ጊዜ የምትሠራው መጨረሻ ላይ ስትፈትሽ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ፋየርፎክስን ጎን ለጎን ከፍተህ ከሠራህ ስሕተቱ ስትጽፈው ይታይሃል፤ ማረሙም ደቂቃ ነው። ደግሞም ፋየርፎክስ ላይ የሚሰበር ነገር ብዙውን ጊዜ የራስህ ስሕተት ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ክሮም ሸፍኖልህ ነው።

የመጨረሻው ስለ ልደት ቀን ሣጥን ነበር፤ የብራውዘሩ የቀን መምረጫ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም ወይ? ቀን ሲያሳይ ያውቃል፤ ዘመናዊ ብራውዘሮች በጃቫስክሪፕት ሲታዘዙ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይረው ይጽፋሉ። የሚመረጥበት ሣጥን ግን የአውሮፓውያኑን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ መልኩም በየብራውዘሩ ይለያያል፣ የኮምፒውተር ሳፋሪ ይህን ሣጥን ያገኘው በ2021 ነው። እኔ የምመክረው ሦስት ተራ ምርጫ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የትኛውም ብራውዘር ላይ አይሰበርም። ወሮቹን 13 አድርጉ፤ 12 ብቻ ደርድሮ የጳጉሜን ልጆችን ያለ ልደት ያስቀረ ቅጽ አይቻለሁ። ለጳጉሜን 5 ቀን ስጡ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ግን ዘመነ ሉቃስ ነውና 6 ይሁን።